ለጠፋ ሰው የትኛው ዱዓ ይደረጋል? የአብራሪው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ታሪክና የእኛ ቤቶች



ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚህ ጥርባ ውስጥ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንዲት እናታችን ወደ ሸይኻችን ቀረቡ። እኛም ኢማሙን የምናግዝ በመሆናችን አጠገባቸው ቆመን ነበር። እናታችን በ1991 ዓ.ም. ወደ ጦር ሜዳ የሄደ ልጅ አላቸው። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። አብረውት ከነበሩት አንዱ ቆስሎ አይቼዋለሁ አለ፤ ሌላው ተማርኳል አለ። መርዶ አልመጣም፤ ልጁም አልመጣም።

እናታችን ሸይኻችንን እንዲህ አሏቸው፦ «ሸይኼ፣ ሁልጊዜ ለልጄ ዱዓ አድርጉልኝ እላለሁ። እርስዎም እሺ ይሉኛል። ግን ምን እያሉ ነው የሚያደርጉለት? ‹አላህ ይጠብቀው› ነው ወይስ ‹አላህ ይዘንለት›?»

ሸይኻችን ወዲያው አልመለሱም። «እናቴ፣ ይህን አስቤበት እነግርዎታለሁ» አሏቸው። እኛም ጥያቄው ከአእምሯችን አልወጣ አለ። ምክንያቱም እናታችን የጠየቁት ስለ ቃል አይደለም። ልጄን ከሕያዋን ልቁጠረው ወይስ ከሙታን ነው ያሉት።

ይህን ጥያቄ ይዘን ስናነብና ስንጠያየቅ በአገራችን ከታወቁት የጠፉ ሰዎች አንዱ ወደሆነው አብራሪ ታሪክ ደረስን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሱ ነው። «ይህ ሰው ሙስሊም አይደለም፤ ለምን እዚህ ይጻፋል?» የሚል ወንድም ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ሥቃይ በሃይማኖት አይለይም። ከእርሱ ታሪክ የምንማረው ደግሞ የራሳችንን ቤት የሚመለከት ነው።

ያ ጁሙዓ

ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። እኛም ገና ሎህ ይዘን አሊፍ፣ ባ የምንል ልጆች ነበርን። በሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ አካባቢ በኢትዮጵያና በኤርትራ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተነሳ። ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር በታንክ ታግዞ ባድመ ገባ። ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ወደ ሰማይ ወጣ።

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። የኢትዮጵያ የጦር አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። በማግስቱ ቅዳሜ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ወደ አስመራ ተመለሱ። ከእነርሱ መካከል አንድ ሚግ 23 ተመትቶ ወደቀ። ኤርትራም አብራሪውን በሕይወት መያዟን አስታወቀች። አብራሪው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ነበር።

ስሙ ሲሰማ ሁለቱም ወገኖች ያውቁት ነበር። ምክንያቱም በዚያ ምድር ላይ ሲማረክ ሁለተኛ ጊዜው ነው።

ሁለት ጊዜ የተማረከው

በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1984 በዛብህ በኤርትራ ሰማይ ላይ ሲዋጋ አውሮፕላኑ ተመትቶ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ወደቀ። ለዓመታት ምርኮኛ ሆኖ ቆየ። ኋላ ተፈትቶ ወደ አየር ኃይል ተመለሰ፤ እንደገናም በረረ። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ እዚያው ምድር ላይ፣ ያኔ ሸማቂ በነበሩትና አሁን መንግሥት በሆኑት ሰዎች እጅ ዳግም ገባ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው ዓመታትን በምርኮ አሳልፎ ከእሥር ወጣ። ያ ሰው ዳግም ወደ ተያዘበት ሰማይ ሂድ ሲባል ምን ይሰማዋል? ለልቡ እኛ አንመሰክርም፤ ልብን የሚያውቀው አላህ ነው። ሥራው ግን የታወቀ ነው፤ ታዘዘ፣ ሄደ፣ አልተመለሰም።

ከእርሱ ታሪክ አጠገብ የሌላ አብራሪ ታሪክ አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በኤፍ 5 አውሮፕላን የተዋጋው ለገሠ ተፈራ ነው። የሶማሊያን አውሮፕላኖች በአየር ላይ እየመታ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ነበር። እርሱም አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ ወረደና ተማረከ። 11 ዓመት በሶማሊያ ታሠረ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ እስረኞች ተለዋወጡ፤ ለገሠም ወደ አገሩ ገባ። ኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ፤ የደረሰበትን በራሱ አንደበት ተናገረ፤ ዘመኑ ሲያበቃም በወገኖቹ መካከል ተቀበረ።

የሁለቱ ልዩነት ጀግንነት አይደለም። ሁለቱም በረሩ፤ ሁለቱም ተመቱ፤ ሁለቱም ተያዙ። ልዩነቱ አንዱን የያዙት ሰዎች መለሱት፤ ሌላውን አልመለሱትም። የአንዱ ቤተሰብ ታሪኩን ከራሱ አፍ ሰማ፤ የሌላው ቤተሰብ ከወሬ በቀር ምንም አልደረሰውም።

ከቦምቡ በታች የነበሩት

እዚህ ላይ ወጣቶቻችን እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ስለ አብራሪ ስንጽፍ ዓይናችን ወደ ሰማይ ያያል። ከታች ግን ሰው አለ።

ያ ጁሙዓ በመቀሌ ምን እንደሆነ እንናገር። ቦምቡ የወደቀው አይደር በሚባለው ሰፈር፣ በትምህርት ቤቱና በአካባቢው ላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ አገሮች ተስማምተው ያቋቋሙት፣ መቀመጫውን ሄግ ያደረገው የካሳ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ነበር። በውሳኔው እንደሰፈረው በዚያ ቀን 53 ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱ 12ቱ ተማሪ ልጆች ነበሩ። 185 ሰዎች ቆሰሉ፤ ከእነርሱም 42ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ኮሚሽኑ ኤርትራ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ባለማድረጓ ተጠያቂ ናት ብሎ ወሰነ።

አይደርን አንስተን ሌላውን እንዳንረሳ ደግሞ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በዚያ ቀን የአገራችን የጦር አውሮፕላኖች በገበያ ቀን ሐውዜንን ደበደቡ። የሞቱት በሺህ የሚቆጠሩ እንደሆነ ይነገራል። ያን ጊዜ ከታች የነበሩት የራሳችን ወገኖች ናቸው፤ ከላይ የነበሩትም የራሳችን ናቸው።

ይህን የምንለው የማንንም ስም ለማጉደፍ አይደለም። በዛብህ በተያዘበት ቀን የተላከው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ነገር ግን አብራሪን ማስታወስ ማለት ጦርነትን ማወደስ አይደለም። የጠፋውን ወታደር ስናስብ የተገደለውን ልጅ የምንረሳ ከሆነ ሚዛናችን ተዛብቷል። የተገደለውን ልጅ አስበን «ወታደሩስ የእጁን ነው ያገኘው» የምንል ከሆነም እንዲሁ ተዛብቷል። አላህ ፍትሕን ያዘዘን ከምንጠላው ሰው ጋር ስንሆንም ጭምር ነው።

የአየር ድብደባው ለሁለቱም ወገን አስፈሪ ስለሆነ ሰኔ 7 ቀን 1990 ዓ.ም. በአሜሪካ አሸማጋይነት አውሮፕላን ላለመላክ ተስማሙ። ስምምነቱ ለወራት ጸና፤ በ1991 ዓ.ም. ግን ፈረሰ። ምድር ላይ ያለው ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በላ። ከእነዚያ መካከል ከእኛ ዞን፣ ከእኛ መንደሮች የሄዱም አሉ። የእናታችን ልጅ አንዱ ነው።

እስረኞች ሲመለሱ

ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ተኩስ ለማቆም ተስማሙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ ውስጥ እስረኞችን ሳይዘገዩ መመለስ የሚል አንቀጽ ነበር። ይሁንና ጊዜ ወሰደ። በነሐሴ 1994 ዓ.ም. ኤርትራ በእጇ ያሉትን የመጨረሻ ያለቻቸውን ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ለቀቀች። በኅዳር 1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያም በእጇ የነበሩትን ከ1,200 በላይ ኤርትራውያን ለቀቀች።

በዛብህ ጴጥሮስ ከተመለሱት መካከል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞችን ጭኖ አስመራ አረፈ። ለሃያ ዓመት የተለያዩ አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህት እዚያ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በስልካችን ያላየን ጥቂት ነን። ያ አውሮፕላን ማረፊያ በ1990 ዓ.ም. የተደበደበው፣ በዛብህም የቀረበት ቦታ ነው። ብዙዎች የሚወዱትን አገኙበት። የእርሱ ነገር ግን እንደነበረ ቀረ።

ስለ እርሱ እስከዛሬ የሚናፈሰው ወሬ ብዙ ነው። አንዱ «እዚህ ታይቷል» ይላል፤ ሌላው «ያኔውኑ ሞቷል» ይላል። እኛ አንዱንም አንደግመውም። አይቶ ያልመሰከረ ሰው ወሬ ለቤተሰብ መድኃኒት አይሆንም። በየጊዜው የሚከፈት ቁስል ነው የሚሆነው።

ዑለማዎቻችን ስለ ጠፋ ሰው ያሉት

በመድረሳ ፊቅህ ስንቀራ ስለ «መፍቁድ» የሚናገር ምዕራፍ ደርሶን ነበር። መፍቁድ ማለት ከቤቱ ርቆ በሕይወት ይኑር ይሙት የማይታወቅ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ምዕራፉን ለፈተና ያህል ነው የያዝነው። አሁን ስንመለከተው ግን ሊቃውንቱ የሰውን ሕመም ምን ያህል አውቀው እንደጻፉት ገባን።

የነገሩ መሠረት ይህ ነው። አንድ ሰው ሲሄድ በሕይወት ነበር፤ ይህ በእርግጥ የታወቀ ነገር ነው። ሞቷል የሚለው ጥርጣሬ ነው። በጥርጣሬ የታወቀውን አንጥልም። ስለዚህ ማስረጃ እስኪመጣ ወይም ቃዲ እስኪወስን ድረስ የጠፋው ሰው በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል። ንብረቱ ለወራሾች አይከፋፈልም። ዘመዱ ሞቶ እርሱ ወራሽ ቢሆን ድርሻው ተለይቶ ይቀመጥለታል።

ይሁንና በዚያ ብቻ አላበቁም። የጠፋውን መብት ሲጠብቁ የቀረውን ሰው አልረሱም። ባሏ የጠፋባት ሴት ጉዳይ ለዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ሲቀርብላቸው አራት ዓመት ትጠብቅ፣ ከዚያ የሟች ሚስት ዒዳ የሆነውን አራት ወር ከአሥር ቀን ትቁጠር፣ ከዚያም ማግባት ትችላለች ብለው ፈረዱ። ኢማሙ ማሊክ ይህን ይዘዋል። በሐነፊ መዝሀብ የዕድሜ እኩዮቹ እስኪያልቁ የሚል ረጅም ጊዜ ተጠቅሷል። የኢማሙ ሻፊዒይ የኋለኛው አቋም ደግሞ ሞቱ እስኪረጋገጥ ትጠብቅ የሚል ነው። ሐንበሎች እንደ ጦር ሜዳ ባለ ብዙ ሰው በሚያልቅበት ቦታ የጠፋን ሰው፣ ለንግድ ወጥቶ ከቀረ ሰው ለይተው አዩት።

ይህን የምንጽፈው ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። ጉዳዩ ያለበት ሰው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ዐሊም ይሂድ። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሁለት ዓመት ወሬው የጠፋን ሰው በተመለከተ ባለ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት አመልክቶ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ባለማወቅ በርስትና በትዳር ጉዳይ ይቸገራል።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ዲናችን የጠፋውን ሰው በወሬ አይገድለውም። በወሬም አያነሳውም። ለእርሱ የተለየ ምዕራፍ ከፍቶ ቦታውን ጠብቆለታል።

የምርኮኛ መብት

በድር ላይ የተማረኩትን ሙሽሪኮች ሶሓቦች እንዴት እንደያዟቸው ሁላችንም ተምረናል። ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) መልካም እንዲያደርጉላቸው ስላዘዟቸው ሶሓቦቹ እንጀራውን ለምርኮኛው ሰጥተው ራሳቸው ተምር ይበሉ ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚችለውም አሥር ልጆችን አስተምሮ ነፃ እንዲወጣ ተደርጓል። እነዚያ ምርኮኞች ስማቸው የታወቀ፣ ቤተሰቦቻቸው የት እንዳሉ የሚያውቁላቸው፣ ቤዛ ይዘው የሚመጡላቸው ነበሩ። አንዱም ተደብቆ አልቀረም።

በዛሬው ዓለም ሕግም ይኸው ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ በካምፕ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው መያዙን ለቤተሰቡ የሚያሳውቅበት ካርድ እንዲሞላ ያዛል። ለሕዝብ መሳለቂያ እንዳይሆንም ይከለክላል። ሰባት ቀን ብቻ! እኛ ግን ዓመታትን እየቆጠርን ነው።

ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ራሳችንንም እንይ። ባለፉት ዓመታት በየስልካችን የተማረኩ ሰዎች ቪዲዮ ስንቀባበል አልነበረም? የታሠረ ሰው ፊት እያየን አልሳቅንም? ያ ሰው የአንዲት እናት ልጅ ነው። ያን ቪዲዮ ወደ ሌላ ከመላካችን በፊት እናታችንን እናስታውሳት።

ከ53 ዓመት በኋላ የተገኙት

የጠፋ ሰው ፍለጋ ከንቱ ድካም ነው የሚል ካለ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ እንንገረው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል ከጠላት መድፍ ለመሰወር አብዛኛውን በሌሊት ይበር ነበር። በዚያ ክፍል ካገለገሉት ወደ 125,000 የሚሆኑ በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ አውሮፕላናቸው በጨለማ ወድቆ የት እንደቀሩ አልታወቀም። ራኒሚድ በሚባለው ስፍራ ባለው መታሰቢያ ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል አባላት ስም ተቀርጿል።

ከእነዚህ የሌሊት በረራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1944 የተደረገ ነው። ስምንት ሰዎችን የያዘ የካናዳውያን ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ በቤልጂየም የሉቨንን የባቡር ጣቢያ ሊመታ ሄዶ ተመትቶ ወደቀ። የወደቀው በወንዝ ዳር ረግረግ ላይ ስለነበር ምድሩ ዋጠው። የአምስቱ ሬሳ ያኔ ተገኘ። ሦስቱ ግን ከነአውሮፕላኑ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈላጊዎች ረግረጉን ቆፍረው አወጧቸውና በጓደኞቻቸው አጠገብ በክብር ተቀበሩ። 53 ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ አውሮፕላን የተረፈው አሉሚኒየም ቀልጦ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ውስጥ ለተመረቀው የቦምብ ጣይ በራሪዎች መታሰቢያ ጣሪያ ሥራ ዋለ። በመታሰቢያው ላይ ከበራሪዎቹ ሌላ፣ በዚያ ጦርነት በቦምብ ያለቁ የየትኛውም አገር ሰዎችም እንዲታሰቡ ተጽፏል። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። የራስን ጠፊ መፈለግና በራስ ቦምብ የሞተውን ማሰብ አንድ ላይ ይሄዳሉ።

እኛስ ምን እናድርግ?

እኛ አዊ ውስጥ ማስታወስን እናውቃለን። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ በዓድዋና በአርበኝነት ዘመን የተዋደቁትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስታውሳሉ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ለፈረስ እንኳ ውለታ የማይረሳ ሕዝብ ልጁን እንዴት ይረሳል? ነገር ግን የሞተውንና ድል ያደረገውን ማስታወስ ይቀላል። የጠፋው ይከብዳል። ሐዘን አይቀመጥለት፤ ደስታ አይደረግለት። ጎረቤቱ ለእናቲቱ ምን ብሎ እንደሚያናግራት ስለሚጨነቅ ቀስ በቀስ ዝም ይላታል። ከልጇ ቀጥሎ ጎረቤቷም ይጠፋባታል።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችን እጅ የማይርቁ አራት ነገሮችን እንላለን።

አንደኛ፣ በሰፈራችሁ ልጁ፣ ባሏ፣ ወንድሟ ጠፍቶባት የምትጠብቅ እናት ወይም እህት ካለች ሂዱና ስለ እርሱ ጠይቋት። ስሙን ጥሩት። እናታችን ለሸይኻችን «የልጄን ስም ከእኔ በቀር የሚጠራው ጠፋ» ብለዋቸዋል።

ሁለተኛ፣ ጻፉ። ሙሉ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የሄደበትን ዓመት፣ የመጨረሻ ደብዳቤው ከየት እንደመጣ፣ አብረውት የነበሩት እነማን እንደሆኑ መዝግቡ። ሽማግሌዎች ሲያልፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀበራል። እናንተ ስልክ አላችሁ፤ ፎቶውን አንሱት፣ ደብዳቤውን አንሱት፣ አስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችን እዚያ ማድረስ፣ ፎርም መሙላት፣ መከታተል የእኛ ሥራ ነው። ይህ በሶደቃ የሚቆጠር ነው ኢንሻአላህ።

አራተኛ፣ ያላረጋገጣችሁትን አትናገሩ። «አይቼዋለሁ» ማለት ለእናት ቀላል ቃል አይደለም። «ሞቷል» ማለትም እንዲሁ።

የሸይኻችን መልስ

ሸይኻችን በተከታዩ ጁሙዓ እናታችንን አስጠሯቸው። እኛም ነበርን። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቋቸው፦ «እናቴ፣ በረመዷን መጨረሻ ዘካተል ፊጥር ሲያወጡ ስንት ሰው ቆጥረው ነው?»

እናታችን አንገታቸውን ደፉ። «የቤቱን ሰው ቆጥሬ፣ የእሱንም እጨምራለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል ብዬ አልናገርም። በየዓመቱ የእሱን ገብስ ለይቼ ነው የምሰፍረው።»

ሸይኻችን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እርስዎ ከእኛ ቀድመው ገብቶዎታል» አሏቸው። «ሞቱን አላየንም፤ ስለዚህ በሕይወት እንዳለ ቆጥረው መስፈርዎ ልክ ነው። ዱዓውን በተመለከተ ደግሞ ጀናዛ ላይ ስንሰግድ የምናደርገውን ዱዓ ያስተውሉ። በሕይወት ያለውንም የሞተውንም፣ አጠገባችን ያለውንም የራቀውንም አንድ ላይ አንስተን ነው ምሕረት የምንለምነው። የራቀው ልጅዎ እዚያ ውስጥ አለበት። እርስዎ ስሙን ይጥሩ፤ የት እንዳለ አላህ ያውቀዋል። መምረጥ የለብዎትም።»

እናታችን ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ።

እኛም ወደ ኮሎኔል በዛብህ ቤተሰብ አሰብን። እነርሱም ከግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያች እናት ቦታ ናቸው። እርሱን የያዙት ሰዎች የሚያውቁትን እንዲናገሩ፣ በሕይወት ካለ ወደ ቤቱ እንዲመለስ፣ ካለፈም ቤተሰቡ ቦታውን አውቆ እንዲያርፍ አላህን እንለምናለን። ለአይደር ልጆች ወላጆች፣ ለሐውዜን፣ በድንበሩ ማዶ በአስመራና በየመንደሩ ልጆቻቸውን ለሚጠብቁ እናቶችም እንዲሁ።

አላህ የጠፉትን ይመልስልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ የሚጠብቁትን ልባቸውን ያጽናልን። ሌላ እናት ይህን ጥያቄ የምትጠይቅበትን ጦርነት ከአገራችን ያንሳልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።